መቀመጥ ያቃተው ንጉሥ

ሕዝቅኤል አደሱዪን መጀመሪያ ያየሁት እናቴን ሲጨቀጭቃት ነው። ስድስት ዓመቴ ነበር። እናቴ ኢሎሞ ገበያ መግቢያ ላይ ባቄላ ፈጭታ አካራ እየጠበሰች ትሸጣለች፤ እኔ መጠቅለያ ቅጠል እያጠብኩ አቀብላታለሁ። ነፃ ትምህርት የታወጀበት ዓመት ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ካልሲውን እስከ ጉልበቱ የሳበ ወጣት ብስክሌቱን ዛፍ ላይ አስደግፎ መጣና፣ አካራ ሳይገዛ መጥበሻው አጠገብ ተገተረ።

«ይቺ ልጅ ስንት ዓመቷ ነው?»

«ምነው፣ ልታገባት ነው?» አለችው እናቴ ቀና ሳትል።

«ላስተምራት ነው።»

«እኔ እያስተማርኳት ነው። አንተ አካራ መጥበስ ትችላለህ?»

እሱ ወደ እኔ ዞረ። «ቀኝ እጅሽን በራስሽ ላይ አሳልፊና ግራ ጆሮሽን ንኪ እስቲ።» ያኔ የልጅ ዕድሜ የሚለካው እንደዚህ ነበር፤ እጇ ጆሮዋ ከደረሰ ለትምህርት ደርሳለች። የእኔ እጅ አንድ ጣት ያህል ቀረው።

«አልደረሰችም!» አለች እናቴ ደስ ብሏት።

«ደርሳለች፤ ጣቷ አጭር ሆኖ ነው እንጂ» አለና ስሜን ደብተሩ ላይ ጻፈ።

ከዚያ በኋላ በየገበያው ቀን መጣ። አይቀመጥም። በርጩማ ሲሰጡት በርጩማውን ይዞ ይቆማል። በአምስተኛው ገበያ እናቴ መጥበሻውን ከእሳት አወረደችና «ውሰዳት! ውሰዳትና እኔም ልረፍ። አንተን የወለደች ሴት እንዴት አድርጋ አስተኝታህ ይሆን!» አለችው። በዚህ ዓይነት ተማሪ ሆንኩ።

በአፌ አንቱ እያልኩት ነው የኖርኩት። ስጽፍ ግን አንቱታው እግሩ ላይ እየተጠመጠመ አላስኬደው ስላለ ትቼዋለሁ።

አባቱ ካካዎ ገበሬ ነበሩ። ዘራቸው ከነገሥታቱ ቤት ይመዘዛል፤ ግን ሦስት ትውልድ ሙሉ ዘውድ ያላየ ቅርንጫፍ ነው። ከንግሥና የደረሳቸው ነገር ቢኖር ስማቸው መነሻ ላይ ያለችው «አደ» ብቻ ናት፤ በእኛ ቋንቋ ዘውድ ማለት ነው። አደሱዪ የሚስዮን ትምህርት ቤት ገባ፣ ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጣ፣ ከዚያ በኋላ ማንም ሊይዘው አልቻለም።

ትምህርት ቤት ይከፍታል። ሕዝቡን ለምኖም ተቆጥቶም ጭቃ ያስረግጣል፣ ግድግዳ ያስቆማል፣ ቆርቆሮ ያስመታል። ቆርቆሮው በተመታ በዓመቱ ግን «እዚያ ማዶ ልጆች አሉ» ይልና ሌላ መንደር ይሄዳል። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ትምህርት ቤት። ሲያስተምር እንኳ ከበር እስከ መስኮት ስለሚመላለስ፣ የእሱ ተማሪዎች አንገታችንን እንደ ዶሮ ማዞር ለምደን ነበር።

ሚስቱ ፌሊሺያ ራሷ መምህርት ናት፤ በትልቋ ልጃቸው ስም «የሞሮሞኬ እናት» እንላታለን። የኦንዶ ከተማ ልጅ ነች፣ ንግግሯ ቀስ ያለ፣ ግን የሚቆርጥ። አዲስ ቤት በገባች ቁጥር ዕቃዋን ግማሹን ብቻ ትፈታለች። «ድስቶቼ ከእኔ በላይ አገር አይተዋል» ትል ነበር።

ከአሥራ አንዱ ትምህርት ቤቶች አንዱ ከወንዙ ማዶ አራዴ ውስጥ ነበር። እዚያ አንድ ዓመት ከአራት ወር ቆየ። አራዴና ኢሎሞ በመካከላቸው ባለው ሜዳ የተነሳ ከአባቶቻችን ጊዜ ጀምሮ የተቀያየሙ ናቸው፤ አንዱ ቦዬ ሲተክል ሌላው ይነቅለዋል። እሱ ግን ለጠብ ጊዜ አልነበረውም። ከፈተው፣ አስተማረ፣ ሄደ።

የእርስ በርስ ጦርነቱ ካበቃ ሦስት ዓመት ሲሆን የኢሎሞ ንጉሥ ጣሪያ ወጡ። ንጉሥ ሞተ አይባልም፤ ጣሪያ ወጣ ነው የሚባለው። ተራው የእነአደሱዪ ቤት ሆነ። እሱ ያኔ ወደ ከተማችን ተመልሶ የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ነበር፤ እኔም በእሱ ሥር የተቀጠርኩ አዲስ መምህርት ነበርኩ። ስሙ መወራት ሲጀምር እሱ ወደ ሩቅ አገር እንዲዛወር አመለከተ። የዝውውሩ ደብዳቤ ደርሶት ደረት ኪሱ ውስጥ ነበር።

አንጋሾቹ ቀደሙት። ማክሰኞ፣ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ፣ ስድስት ሽማግሌዎች ነጭ ለብሰው ክፍሉ በር ላይ ቆሙ። የእኔ ክፍል ከእሱ የሚለየው በግማሽ ግድግዳ ስለነበር ሁሉንም አይቻለሁ። አለቃቸው ኤጄሙ የሚባሉት ወፍራም ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ቲቸር፣ እስቲ ውጣና እንነጋገር።»

«ክፍለ ጊዜዬ አላለቀም። አሥራ አምስት ደቂቃ ይቀረኛል።»

ጠበቁ። የክፍልፋይ ትምህርት እንደዚያን ቀን ተንዛዝቶ አያውቅም። ደወሉ ተደወለ፤ እሱ ሌላ ጥያቄ ጻፈ። ጠመኔው ሁለት ጊዜ ተሰበረ። ኤጄሙ ትዕግሥታቸው አለቀና ገብተው፣ ከእጅጌያቸው ውስጥ የአኮኮ ቅጠል አውጥተው ራሱ ላይ አኖሩበት። ያ ቅጠል ራሱ ላይ ያረፈበት ሰው እምቢ የሚልበት መንገድ የለውም። ወንዶቹ ልጆች በደረታቸው መሬት ላይ ተዘረጉ፤ ሴቶቹ ተንበረከኩ።

አደሱዪ ጠመኔውን እንደያዘ ቆመ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። «ሦስት አራተኛ ሲደመር አንድ ስምንተኛ?» አለ። «መልሱን ሳልሰማ ንቅንቅ አልልም።»

ከፊት ወንበር አንዲት ልጅ እንደተንበረከከች «ሰባት ስምንተኛ፣ ካቢየሲ» አለች። ንጉሥ የሚጠራበትን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የጠራችው እሷ ናት። ቅጠሉን ራሱ ላይ እንዳደረገ ወጣ።

ንግሥናው ብቻውን አልመጣም። ወግ እንደሚለው አዲሱ ንጉሥ የሟቹን ሚስቶች ይወርሳል። የሞሮሞኬ እናት ይህን ስትሰማ ለመሰናበት የመጣውን ባሏን በር ላይ አቆመችው።

«ሁለት ሚስት ወርሰሃል አሉ።»

«ፌሊሺያ፣ ሁለቱም ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። እናቶቼ ናቸው።»

«እናትም ይሁኑ ሚስት እኔ እዚያ ግቢ አልገባም። አሥራ ስምንት ዓመት አንተ እንሂድ ስትል ዕቃ ስሸክፍ ኖርኩ። አሁን ተራው ያንተ ነው፤ ያንተን ዕቃ ራስህ ሸክፍ።»

እሱ ዘውድ ሲጭን እሷ ኢባዳን ሄዳ ዩኒቨርሲቲ ገባች።

እንግዲህ ያን ሰው አስቡት። ሦስት ወር በሱባኤ ቤት ተዘጋበት። ሲወጣ የዶቃው ዘውድ ፊቱን ሸፈነው። ንጉሥ በሰው ፊት አይበላም፤ ቀብር አይሄድም፤ በእግሩ ከተማ አያቋርጥም፤ ራሱን አይገልጥም። ይቀመጣል። ጭራውን ይዞ ይቀመጣል፣ ክስ ይሰማል፣ ኮላ ፍሬ ይቀበላል፣ እንደገና ይቀመጣል። እግሩ አበጠ። ምግብ አስጠላው። በውስጠኛው አጥር ግቢ ዙሪያውን ሲመላለስ ሣሩን አጥፍቶ ቀይ መሬት አወጣው።

«ካቢየሲ፣ የንጉሥ ሥራ መቀመጥ ነው» አሉት ኤጄሙ አንድ ቀን።

«ለስንት ሰዓት?»

«ጣሪያ እስኪወጡ ድረስ።»

በሳምንት አንድ ቀን እኔን እያስጠራ የቀሩ ተማሪዎችን ስም ያስነብበኛል። ከዚያ አባቶቻቸውን ያስጠራል። ቅጣት አይጥልም፤ አይቆጣም። «ከእኔ ጋር ቁጭ በሉ» ብቻ ይላቸዋል። ከጠዋት እስከ ማታ ዙፋኑ ፊት ንቅንቅ ሳይሉ ይቀመጣሉ። አንድ ገበሬ ሲወጣ «ልጄን ነገ በጀርባዬ አዝዬም ቢሆን አመጣታለሁ፤ ይሄን ሰውዬ ግን እንደገና አላየውም» ብሎ ምሏል።

በነገሠ በአራተኛው ዓመት ከትምህርት መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ መጣ። ለሁለቱ ከተሞች አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይሰጣል፤ በስድስት ወር ውስጥ በቦታው ካልተስማሙ ግን ለሌላ ወረዳ ይሄዳል። የሚመቸው መሬት ያው ሜዳው ነው። ወሬው በተሰማ ሳምንት የሁለቱም ከተማ ጎረምሶች ቆንጨራ መሳል ጀመሩ። ከሁለት ዓመት በፊት በዚያ ሜዳ የተነሳ አንድ ሰው እጁ ተቆርጦ ነበር።

ንጉሥ ለንጉሥ እንዳይነጋገሩ ደግሞ የኢሎሞና የአራዴ ነገሥታት ፊት ለፊት መተያየት ክልክል ነው። የተያዩ እንደሆነ ከሁለቱ አንዱ ዓመቱን አይጨርስም ይባላል። ስለዚህ መልእክተኛ ይመላለሳል፤ መልእክተኛው ደግሞ በየመንገዱ የራሱን በርበሬ ይነሰንስበታል። አምስት ወር በስድብ አለቀ።

በስድስተኛው ወር መግቢያ ላይ የአራዴው ንጉሥ በትር ያዥ መጣ። ፋቱዪ ይባላል፤ ሠላሳ ሊሞላው የደረሰ ሰው ነው። እኔ የቀሪዎቹን ስም ይዤ እዚያው ነበርኩ። በደረቱ ተዘርግቶ ተነሳና «ንጉሤ ‹መሬቱ የአባቴ ነው› ይላሉ» አለ። ከዚያ ዓይኑ አደሱዪ ላይ ቀረ። «ቲቸር» አለ። ደንግጦ «ይቅርታ፣ ካቢየሲ» አለ።

«የት ነው ያስተማርኩህ?»

«አራዴ። አራተኛ ክፍል። ማካፈል ጀመርን፣ እርስዎ ሄዱ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምን አለ? የተተካው መምህር ክረምት ሲገባ በዚያው ቀረ። ቆርቆሮውን ነፋስ ወሰደው። እኔም ዘንባባ ላይ ወጣሁ፣ ከዛፉ የሚወርደውን ጠጅ ቀዳሁ።»

«እስከ ዛሬ ማካፈል አትችልም?»

«ቦዬ ለልጆቼ አካፍላለሁ፤ ቁጥር ግን አልችልም።» ፋቱዪ ሳቀ። እንደ ቀልድ ነበር ያወራው፤ ቂም አልያዘም።

አደሱዪ ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ ተነሳ። ሰውየው ከሄደ በኋላ «አንቺ» አለኝ፣ «አሥራ አንድ ትምህርት ቤት ከፈትኩ እያልኩ ስኮራ ኖሬያለሁ። ስንቱ ነው የቆመው? ቆጥሬ አላውቅም።» አራቱ መፍረሳቸውን አውቅ ነበር፤ አልነገርኩትም።

ያኔውኑ ኤጄሙን አስጠራ።

«ክልክሉ መተያየት ነው ወይስ መነጋገር?»

«መተያየት ነው፣ ካቢየሲ።»

«እንግዲያው ሳንተያይ እንነጋገራለን።»

መገናኛው እሱ አራዴ ውስጥ የከፈተው ትምህርት ቤት ሆነ፤ በአራዴ በኩል ሜዳው ጥግ ላይ ጣሪያ አልባ ሆኖ ቆሟል። ከእኛ ትምህርት ቤት ትልቁን ጥቁር ሰሌዳ ከነመቆሚያው አራት ሰው ተሸክሞ ወሰደው፤ መሃል ላይ ተተክሎ ከግራና ከቀኙ ወንበር ተደረገ። በቀጠሮው ጠዋት ንጉሣችን መኪናውን ትቶ በእግሩ ወጣ። ከተማው ጉድ አለ። ጥላ ያዡ እየሮጠ፣ ከበሮ መቺዎቹ ትንፋሽ አጥሯቸው ምቱን እየሳቱ፣ ኤጄሙ ከኋላ «ኧረ ቀስ! ኧረ የሰው ያለህ!» እያሉ ሦስት ማይል ተጓዝን። የዚያን ያህል ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ሁለቱ ነገሥታት ጥላቸው ወርዶ ፊታቸውን ሸፍኖ በሁለት በር ገቡ። እኔ ጸሐፊ ስለነበርኩ ከሰሌዳው ጫፍ መሬት ላይ ተቀምጬ ሁለቱንም አያለሁ። የአራዴው ንጉሥ ሰማንያ የዘለሉ፣ ደቃቃ፣ ጥርስ የሌላቸው ሽማግሌ ነበሩ።

«እግርህ የማያርፈው አንተ ነህ?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ አባቴ።»

«እኔ ሦስት ሰው ተሸክሞኝ ነው የመጣሁት። ቶሎ በል። ቆይ፣ መጀመሪያ፣ ይሄ በእኔ በኩል እንጨቱ ላይ ያለው ነጭ ነገር ምንድን ነው? ስድብ እንዳይሆን።»

«ስድብ አይደለም፣ ካቢየሲ» አልኩ። «የሰባት ብዜት ነው።»

«ሰባት ምን አደረገ?» አሉና ማንም ሳይመልስላቸው ቀጠሉ። «መሬቱ የእኔ ነው።»

«የእኔም ነው» አለ አደሱዪ።

«እንግዲያው ተግባብተናል» አሉ ሽማግሌው፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ሳቁ ግን አልቆየም።

ፀሐይ ራሳችን ላይ ወጣች። ድንበር ተቆጠረ፣ ሙታን ተጠሩ። ውጭ የሁለቱ ከተማ ጎረምሶች ይሰዳደባሉ፤ ድንጋይ ግድግዳ ሲመታ ይሰማል። አደሱዪን አየሁት። ይቁነጠነጣል። ሰሌዳው ከተቀመጠ ሰው ራስ የሚበልጠው በአንድ ክንድ ነው፤ ከቆመ ይተያያሉ። አንዴ ከወንበሩ ብድግ ሲል ጥላ ያዡ ልብሱን አንቆ «ይቀመጡ!» ብሎ ጮኸ፤ በንጉሥ ላይ ይጮኻል ብሎ ማን ያስባል?

«ወንበርህ ይንቋቋል» አሉ ከማዶ። «ልትነሳ ነው? ልትገድለኝ ነው?»

«ተቀምጫለሁ፣ አባቴ።» የወንበሩን ክንድ ጨብጧል፤ ላቡ ከዘውዱ ሥር ይወርዳል። ከዚያ ያልተዘጋጀበትን ነገር ተናገረ። «ይህን ትምህርት ቤት የከፈትኩት እኔ ነኝ። ሳይጠና ጥዬው የሄድኩትም እኔ ነኝ። የአራዴን ልጆች ማካፈል ላይ ትቻቸው ሄድኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በሉኝ።»

ኤጄሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ንጉሥ ይቅርታ አይጠይቅም።

«ጸሐፊዋ» አሉ የአራዴው ንጉሥ፣ «ጻፍሽው?»

«ጽፌዋለሁ፣ ካቢየሲ።»

«አጥፊው። ሕዝቤ ካነበበው ነገ ከእኔም ይጠብቃል።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «የልጅ ልጄ እዚህ ይማር ነበር። ስትሄድ ሦስት ቀን በር ላይ ተቀምጦ ጠበቀህ።» ከዚያ ወደ ጉዳዩ ተመለሱ። «መሬቱን እንስጥ። የአራዴም የኢሎሞም አይባል፤ በወንዙ ስም ይጠራ። በር ሁለት ይሁን። ዳይሬክተሩ ከሁለታችንም ከተማ አይሁን። አንድ ነገር ግን አለ፤ እግርህን አላምነውም። የመጀመሪያዎቹ ልጆች አምስቱን ዓመት እስኪጨርሱ በየሳምንቱ አንድ ቀን መጥተህ፣ ከጠዋቱ ደወል እስከ ማታው ደወል እዚያ ትቀመጣለህ። ትቀመጣለህ ነው ያልኩት።»

ኤጄሙ «ንጉሥ እንደ ዘበኛ!» ብለው ሊነሱ ሲሉ አደሱዪ «እሺ» አለ።

ትምህርት ቤቱ በዓመቱ ተከፈተ። ከሁለቱም ከተማ ያልሆነ፣ ዲግሪ ያለው፣ አገሩን የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ ከኢባዳን የተመለሰችው የሞሮሞኬ እናት ተገኘች። እኔም እንግሊዝኛ አስተማሪ ሆኜ ተዛወርኩ። እሷ ለዳይሬክተር የተሠራው ቤት ገብታ ለመጀመሪያ ጊዜ ዕቃዋን ሁሉ ፈታች።

እሱም ቃሉን ጠበቀ፤ ግን አልተመቸውም። ሐሙስ ሐሙስ ከኋላ ወንበር ላይ ዘውዱን እንደጫነ ይቀመጣል፤ አሥር ሰዓት ላይ ፊቱ ጥርሱን የሚያመው ሰው ይመስላል። ወባ ይዞት መጥቶ ያውቃል። ወንዙ ሞልቶ በታንኳ ተሻግሮም መጥቷል። የሞሮሞኬ እናት ክፍል ለክፍል ስትዞር በር ላይ ቆማ ትመለከተውና «ከኋላ ያለው ተማሪ እግሩን አያወዛውዝ» ትላለች። ልጆቹ ሳቃቸውን ለመዋጥ ደብተር ይነክሳሉ። ሐሙስ ከሰዓት አንድ ጊዜ ቢሮዋ ውስጥ በሩን ዘግተው ቦዬና የጎመን ወጥ ሲበሉ ሰምቻለሁ፤ ሲስቁም ሰምቻለሁ። ቤተ መንግሥቱ ግን እስከ መጨረሻው አልገባችም።

የአራዴው ንጉሥ በሦስተኛው ዓመት ጣሪያ ወጡ። ሁለቱ አንድም ቀን አልተያዩም። አደሱዪ ቀብር መሄድ ስለማይችል ሙሉ ቀን ከውስጠኛው ግቢ አልወጣም። ፋቱዪን ግን ራሱ ማካፈል ሊያስተምረው አስቦ ነበር። ፋቱዪ ሁለት ጊዜ መጣና «ካቢየሲ፣ ጭንቅላቴ ደርቋል፤ ልጄን ያስተምሩልኝ» ብሎ ቀረ። ይህ ነገር አደሱዪን አመመው። በጨዋታ መሃል ድንገት «ያ ሰው እኮ ብልህ ነበር» ይላል።

አምስቱ ዓመት ሲያልቅ ከሠላሳ ስምንት ተማሪ ሠላሳው አለፉ። ንጉሣችን ነፃ ወጣ። በሚቀጥለው ሐሙስ ጠዋት ከደወሉ በፊት ግን መኪናው በር ላይ ቆመ። የሞሮሞኬ እናት ወጥታ «ምን ረሳህ?» አለችው። «እኔ እንጃ» አለ። ገብቶ ተቀመጠ። ለአንድ ሰዓት ያህል ዝም ብሎ ተቀምጦ ሄደ። ከዚያ በኋላ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይቀራል። የሴቶች ማደሪያ አሠራ፤ በመንገድ ጉዳይ የመንግሥት ሰዎችን አሰለቻቸው፤ በአባቱ ወንበር የተተካውን የኤጄሙን ልጅ ደግሞ እንደ አባቱ አስጨነቀው።

ባለፈው ዓመት የዝናብ መግቢያ ላይ አስጠራኝ። ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ ከሲታ ሆኗል። እኔም ጡረታ ወጥቻለሁ። «ከወንዙ ላይኛው በኩል ካካዎ እርሻዎቹ ጋ ሃያ ሦስት ልጆች አሉ» አለኝ። «ሰው ልኬ አስቆጥሬአቸዋለሁ። ከዚያ ትምህርት ቤት ድረስ የሚሄድ የለም።»

«ጡረተኛ ነኝ እኮ፣ ካቢየሲ። ጉልበቴን ያመኛል።»

«ከሄድሽ ግን እንደ እኔ አትሁኚ» አለ። «ሳይጠና አትመለሺ።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ የቤተ መንግሥቱ ከበሮ ጠዋት ሳይመታ ቀረ። ገበያው ተዘጋ፤ ንጉሣችን ጣሪያ ወጥቶ ነበር። የሞሮሞኬ እናት ቤት ሄድኩ፤ ወንበር አውጥታ አስቀመጠችኝ፣ እሷም ተቀመጠች።

አሁን ያለሁት ካካዎው መሃል ነው። ግድግዳው መስኮት ላይ ደርሷል፤ ዝናቡ ሁለት ጊዜ አፍርሶብን ሁለት ጊዜ አንስተነዋል። ሃያ ሦስቱ ልጆች ሠላሳ አንድ ሆነዋል፤ አንዷ እጇ ጆሮዋ ባይደርስም ከወንድሞቿ ጋር ተደባልቃ ገብታለች። ሰኞ ቆርቆሮ የጫነ መኪና ይመጣል ተብሏል፤ መንገዱ ካልታጠበ።